አሮጌ ሞተር ይዞ ጅማ፦ የሰበታ ቅዳሜ ጥያቄና መልስ

ክረምቱ እንደወጣ «አሮጌ ሞተር ይዛችሁ ረጅም መንገድ ያሰባችሁ ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ሰበታ ካለው ቤቴ በር ላይ ቡና ተፈልቶ እስኪመሽ ስጠየቅ ዋልኩ። መካኒክ አይደለሁም። ከአንዲት አሮጌ ያማሃ ዲቲ 125 ጋር ስጣላና ስታረቅ የኖርኩ ሰው ነኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የአጎቴ ዲቲ ሁለት ዓመት ጓሮ ቆማ ነበር። ጅማ ልሄድባት ነው። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከሞተሯ እንዳትጀምር። የቆመች ሞተር ቀድሞ የሚበላሸው ቤንዚኗና ጎማ ነገሯ ነው። አሮጌውን ቤንዚን ድፋው። ታንከሩ ውስጥ ባትሪ አብርተህ እይ። ዝገት ካለ እፍኝ ዳዶና ትንሽ ቤንዚን ጨምረህ እንደ እርጎ ናጠው። ዳዶዎቹን ግን ቆጥረህ አስገባ፣ ቆጥረህ አውጣ። እኔ አንዷን ረስቼ ወር ሙሉ ስትንኳኳብኝ ከርማለች። ከዚያ ቱቦው ላይ አዲስ የቤንዚን ማጣሪያ አስገባ። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር ስታጸዳ ጥቃቅኖቹን ቀዳዳዎች በንፋስ አስነፋቸው፤ በሽቦ አትጎርጉራቸው። ሽቦ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፣ ከዚያ ቤንዚን እንደ ውሃ ትጠጣለች።

ጥያቄ፦ እዚህ ጥሩ የምትሄድ ሞተር ጊቤ ላይ ለምን ትከዳለች?

መልስ፦ ይሄ የሁላችንም ጥያቄ ነው። ሰበታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ላይ ናት። ከወልቂጤ አልፈህ ጊቤ ድልድይ ስትደርስ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርደሃል። እዚህ አየሩ ስስ ነው፤ ቤንዚኑ ይበዛባታል። ሰው ጥቁር ጭስ ሲያይ ካርቡራተሩን ቤንዚን ያስቀንሳል፤ ለዚህ አገር ልክ ነው። ታች ግን አየሩ ወፍራም ነው። ያው ቤንዚን ለዚያ ሁሉ አየር አይበቃም። ሞተሯ ትግላለች፣ ጉልበት ታጣለች።

እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ ፈትተህ እይ። ጫፉ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ጥላሸት ከሆነ ቤንዚን በዝቷል። ነጭ ከሆነ አንሷል፣ አትቀልድ። እንደ ዲቲ ላሉ ቱ ስትሮኮች ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ዘይታቸውን የሚያገኙት ከቤንዚኑ ጋር ነው። ረጅም ቁልቁለት ጋዝ ዘግተህ ስትወርድ ሞተሯ ትዞራለች፣ ዘይት ግን የሚገባላት ጥቂት ነው።

እኔ ጊቤ ላይ የከፈልኩት ለዚህ ነው። ቤንዚን ልቆጥብ ብዬ ጋዝ ዘግቼ ወረድኩ። መሀል ላይ ፒስተኑ ያዘ፣ የኋላ ጎማዬ ቆመ። ሞተሩን ከጎማው የሚለየውን ፍሪሲዮን ቶሎ ባልጨብጥ ገደል ነበርኩ። ዛፍ ጥላ ስር ከግማሽ ሰዓት በላይ አቀዘቀዝኳት። ተነሳች፣ ግን ፒስተኗ ተቧጥጦ ነበር። ስለዚህ ቁልቁለት ላይ በየመሀሉ ጋዙን ነካ ነካ አድርግላት። ሁለት ጣትህም ከፍሪሲዮን አይለይ።

ጥያቄ፦ የእኔ ቦክሰር ነው፣ ቱ ስትሮክ አይደለም። ይሄ እኔን ይመለከተኛል?

መልስ፦ የዘይቱ ነገር አንቺን አይመለከትሽም፣ እህቴ። የአንቺ ዘይት ለብቻው ከሞተሩ ሆድ ነው። ሳትነሺ ቀይሪው፣ በየማደሪያሽም መጠኑን እይው፤ አሮጌ ሞተር ዘይት ትበላለች። የአንቺ ጭንቀት ፍሬን ነው። የኋላው ሸራ ቁልቁለት ላይ ከጋለ መያዝ ያቆማል። በዝቅተኛ ማርሽ ውረጂ፣ ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ አድርጊ። ማርሽ አውጥቶ በፍሪ መንዳት የሚባለውን እርሺው።

ጥያቄ፦ የጎማዬ ጥርስ አልተበላም። ይበቃል?

መልስ፦ ጥርሱ ብቻ አይበቃም። ጎኑ ላይ አራት ቁጥር አለ። 2314 ካለ በ2014 እ.ኤ.አ. 23ኛ ሳምንት የተሠራ ነው። ጎኑ ተሰነጣጥቆ ከሆነ ጥርሱ ምንም ቢያምር ቀይረው። የቸርኬውን ሽቦዎችም አንድ በአንድ በካቻቢቴ ነካ ነካ አድርጋቸው። የላላው ድምፁ ድፍን ነው፤ ጆሮህ ይለየዋል።

ጥያቄ፦ ምን ዕቃ ልያዝ?

መልስ፦ ሰው ግማሽ ጋራዥ ይጭናል። እኔ ሁለት ካንዴላ ከነቁልፉ፣ የጎማ ማውለቂያ፣ ፓምፕ፣ ፒንሳ፣ የሰንሰለት ማያያዣ፣ ቀጭን ሽቦና ፕላስተር እይዛለሁ። ካላማዳሪ፣ ማለትም የጎማ ውስጥ ላስቲክ፣ አንድ ብቻ ለመያዝ ከተገደድክ ቀጭኑን የፊቱን ያዝ። ቀጭኑ ወፍራሙ ጎማ ውስጥ ለጊዜው ያደርስሃል፤ ወፍራሙ ግን ቀጭኑ ውስጥ ይታጠፋል። ትርፍ የፍሪሲዮን ገመድ ደግሞ ቦርሳ ውስጥ አታስቀምጥ። ከአሮጌው ጎን ዘርግተህ በፕላስተር እሰረው። ሲበጠስ ጫፎቹን ማገናኘት ብቻ ነው የሚቀርህ። ሊብሬ፣ ቦሎ፣ ኢንሹራንስና መንጃ ፈቃድ በላስቲክ ጠቅልለህ ደረት ኪስህ ውስጥ።

ጥያቄ፦ ሌሊት 10 ሰዓት ብነሳስ?

መልስ፦ አይሆንም። አሮጌ ሞተር መብራቷ ፋኖስ ነው። በዚያ ሰዓት ኩርባ ላይ የሚጠብቅህ መብራት የሌለው ጋሪ ወይም የተኛ አህያ ነው። 12 ሰዓት ይነጋል፣ ቡናህን ጠጥተህ ውጣ።

ጥያቄ፦ ሞተሯን ሙሉ ለሙሉ ላስከፍታት? ጉዞው የዛሬ ሳምንት ነው።

መልስ፦ ደህና የምትነሳና የማታጨስ ከሆነች በሳምንትህ አትንካት። ገና የተከፈተ ሞተር የራሱን አዲስ ችግር ይዞ ይመጣል። ይልቅ እሁድ 25 ኪሎ ጤፍ ከኋላ ጫንና ወሊሶ ደርሰህ ተመለስ። ደርሶ መልሱ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሚላላው ቡሎን ይላላል፣ የሚበጠሰው ይበጠሳል፤ ቤትህ ቅርብ ነው። ስትመለስ ካርቶን አንጥፍና እላዩ ላይ አቁማት። ጠዋት ካርቶኑ ላይ ጠብታ ካየህ ከየት እንደመጣ ሳታውቅ እንዳትነሳ።