ሉ ሆልትዝ፣ ስድስት ኮሌጅ ያዳረሰው አሰልጣኝ፦ ጥያቄና መልስ

የምናወራው ኳሱ ሞላላ ስለሆነው የአሜሪካ ፉትቦል ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሆልትዝ ስንት ኮሌጆችን አሠለጠነ?

መልስ፦ በዋና አሰልጣኝነት ስድስት፤ በ1969 ከጀመረበት ዊሊያም ኤንድ ሜሪ አንስቶ ኖርዝ ካሮላይና ስቴት፣ አርካንሳ፣ ሚኒሶታ፣ ኖተር ዳም፣ እስከ 2004 ደግሞ ሳውዝ ካሮላይና። ስድስቱንም ቢዘገይ በሁለተኛ ዓመቱ ለቦውል አብቅቷል። ቦውል በውድድሩ ማብቂያ ለተጋበዙ ቡድኖች የሚዘጋጅ ጨዋታ ነው። ደጋግሞ የለቀቀ ሰው ሞልቷል፤ በሄደበት ሁሉ እንዲህ ያደረገ ግን ከእሱ ሌላ አላውቅም።

ጥያቄ፦ በባለሙያዎቹ ሊግስ ለምን አልሆነለትም?

መልስ፦ በ1976 ኒውዮርክ ጄትስን ይዞ ሦስት አሸነፈ፣ አሥር ተሸነፈ፤ የመጨረሻው ጨዋታ ሳይደርስ ለቀቀ። ለቡድኑ መዝሙር ጽፎ ሊያዘምራቸው ሞክሮ ነበር! ሚስትና ልጆች ያሉትን ደመወዝተኛ እንደ ተማሪ ማሰለፍ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ከድሎቹ የትኛውን ያስበልጣሉ? የ1988ቱን ሻምፒዮንነት?

መልስ፦ ኖተር ዳም 12 ተጫውቶ 12 ያሸነፈበትን ዓመት ማን ይንቃል? እኔ ግን የጃንዋሪ 2 ቀን 1978ቱን ኦሬንጅ ቦውል አስቀድማለሁ። ሆልትዝ በአርካንሳ የመጀመሪያ ዓመቱ ነበር። ነጥብ ያስቆጥሩለት የነበሩ ሦስት ተጫዋቾችን በሥነ ምግባር ጉድለት አግዶ ኦክላሆማን ገጠመ። ሁሉም ሽንፈቱን ይጠብቅ ነበር። ተጠባባቂው ሮላንድ ሴልስ ኳስ ይዞ 205 ያርድ ሮጠ፤ ውጤቱ 31 ለ 6። ኮከቦቹን ቤት አስቀርቶ እንዲህ ማሸነፍ ድፍረት ይጠይቃል።

ጥያቄ፦ ሚኒሶታን ከድቶ ሄደ ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ውሉ ኖተር ዳም ከጠራው መልቀቅ እንደሚችል ይናገራል። በ1985 መጨረሻ ተጠራ፣ ሄደ። ደጋፊ ቢቀየም አልፈርድም፤ ክህደት ግን አልለውም።

ጥያቄ፦ ነቀፌታ የለበትም?

መልስ፦ አለበት እንጂ። ሚኒሶታ፣ ኖተር ዳምና ሳውዝ ካሮላይና እሱ ከለቀቀ በኋላ በኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ ተቀጥተዋል። አድናቂዎቹ ይህን ማንሳት አይወዱም።

ጥያቄ፦ ሳውዝ ካሮላይና ላይ አርጅቶ ነበር?

መልስ፦ ስልሳውን አልፎ ነበር። በ1999 11 ጨዋታ፣ 11 ሽንፈት። በተከታዩ ዓመት ስምንት አሸንፎ በቦውል ኦሃዮ ስቴትን 24 ለ 7 ረታ፤ በ1968 ረዳት አሰልጣኝ ሆኖ ሻምፒዮን የሆነበትን ያንኑ ቡድን።