አሴቶንን በሃይላንድ ማስቀመጥ ይቻላል ወይ ለጠየቅሽው

እህቴ፣ የታጠበ ፍላስክ (የላብራቶሪ የብርጭቆ ዕቃ) በአሴቶን ማድረቅ ይቻላል ወይ፣ ቀንሶ በሃይላንድ ማስቀመጥስ ብለሽ ጠይቀሻል። ላብራቶሪ ውስጥ ስሠራ ያየሁትን ልንገርሽ።

ማድረቁ ይቻላል። አሴቶን ቶሎ የሚተን ፈሳሽ ነው፤ ከውሃ ጋር በማንኛውም መጠን ይዋሃዳል። የሚፈላውም በ56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በትንሹ አለቅልቀሽ ስትደፊው የቀረውን ውሃ ይዞት ይወጣል፤ ፍላስኩም ወዲያው ይደርቃል። ብቻ ገና እርጥብ እያለ ኦቨን ውስጥ እንዳትከቺው። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ግን አይተካውም። ብዙ ጊዜ ዘይትና ሽቶ ስለሚገባበት ብርጭቆው ላይ ቅባት ይተዋል።

ሃይላንዱን እርሺው። አሴቶን መልኩ ልክ እንደ ውሃ ነው፤ የጠማው ሰው አንስቶ ሊጠጣው ይችላል። አንዳንድ ፕላስቲክም ላይ ጨካኝ ነው። ጀማሪ ሳለሁ አንዲት የፖሊስታይሪን ፕላስቲክ ኩቬት (ብርሃን እንዲያልፍበት ፈሳሽ የሚደረግባት ትንሽ ዕቃ) ላይ የተጻፈ የማርከር ጽሑፍ ላስለቅቅ ብዬ በአሴቶን ጠረግኳት። ጽሑፉ ለቀቀ። ኩቬቷ ግን ጉም የለበሰ መስኮት መሰለች፣ ብርሃን አላሳልፍ አለች። ስለዚህ በመጣበት ጠርሙስ ይቆይ። ለእጅሽ ካስፈለገ ደግሞ አሴቶን የማይበላውን ነጩን የፖሊኤትሊን ፕላስቲክ ማለቅለቂያ ጠርሙስ ተጠቀሚ፣ ስሙን በትልቁ ጻፊበት።

ግራም ስቴይን (ባክቴሪያዎችን በሚይዙት ቀለም የምንለይበትን ምርመራ) የምትሠሪ ከሆነ ይቺን ያዢልኝ። አሴቶን ከአልኮል ይልቅ ቀለም ቶሎ ያስለቅቃል። ንጹሑን ከተጠቀምሽ ሁለት ሦስት ሰከንድ ይበቃዋል፣ ወዲያው በውሃ እጠቢው። እኔ አንዴ ስልክ ተደውሎ ዘወር አልኩ። ስመለስ ወይን ጠጅ መሆን የነበረባቸው ስታፊሎኮከስ የሚባሉት ባክቴሪያዎች ሮዝ ሆነው ጠበቁኝ። ያ ውጤት እንደዚያው ቢወጣ ኖሮ ሐኪሙ የተሳሳተ መድኃኒት ሊያዝ ይችል ነበር። ስላይዱን እንደገና ሠራሁት።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ እሳቱ ነው። አሴቶን ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ይሰጣል። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ሽቅብ አይሄድም። ጠረጴዛውን ተከትሎ ይሳብና ራቅ ብሎ የሚነድ በርነር (የላብራቶሪ የጋዝ ማንደጃ) ጋ ይደርሳል። እሳቱም በዚያው መንገድ ወደ ጠርሙሱ ይመለሳል። መጀመሪያ በርነሩን አጥፊ፣ መስኮቱን ክፈቺ፣ ከዚያ ክዳኑን ንቀይ። ያለቀለቅሽበትንም ሲንክ ውስጥ አትድፊው፣ ክዳን ባለው የራሱ መያዣ አጠራቅሚው። ክሎሮፎርም የሚባለው ፈሳሽ ግን እዚያ ውስጥ እንዳይገባ። ትንሽ አልካሊ (እንደ ኮስቲክ ሶዳ ያለ) ካገኙ አሴቶንና ክሎሮፎርም በኃይል ይግላሉ፣ መያዣውንም ሊያፈነዱት ይችላሉ።