ኮምቦልቻ ላለኸው ወንድማችን፣ ስለ ውዱ የቦክስ ጊታር ክር

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህን ትናንት ማታ አይቼው ነበር ግን በሁለት መስመር ሚመለስ ስላልሆነ አሳደርኩት። ኮምቦልቻ ነኝ፣ ክሩ በሁለት ሳምንት እየጠቆረ ድምፁ ይሞትብኛል፣ ኮትድ ሚባለውን ሽፋን ያለውን ውዱን ክር ብገዛ ያዋጣኛል ወይ፣ ትዝታና አምባሰል ላይስ ያምራል ወይ ነው ያልከው። ከላይ ኮመንት ላይ "ሁሉም ያው ነው፣ ስም ነው ምትገዛው" ያሉህ ልጆች አሉ፣ እኔ በዚህ አልስማማም፣ ምክንያቱም እዚህ ደሴ ሶስት ዓይነት ክር በተራ በተራ አንዱ ጊታሬ ላይ አስሬ ወራት ፈጅቼ ሞክሬዋለሁ።

መጀመሪያ ግን ክር ለምን እንደሚሞት ማወቅ አለብህ፣ አለዚያ ምኑን እንደምትፈትሽ አታውቅም። ወፍራሞቹ አራት ክሮች ውስጣቸው ብረት ነው፣ በላዩ ላይ ቀጭን የነሐስ ሽቦ ተጠምጥሞበታል። ላብህ፣ የእጅህ ቅባት፣ አቧራው፣ ሁሉም እየሄደ ጥምጥሙ መሀል ይሸጎጣል። ቆሻሻው ድምፁን ማፈኑ ብቻ አደለም፣ ክሩን ያከብደዋል፣ ያውም እኩል አያከብደውም፣ ብዙ ምትነካው ቦታ ላይ ይበዛል። በዛ ላይ ክሩ ከፍሬቱ (አንገቱ ላይ ካሉት የብረት መስመሮች) ጋር እየተፋተገ ከስሩ ይበላል። ስለዚህ ባዶውን ስትመታው ልክ የሆነው ክር ፍሬት ስትይዝበት ይሳሳታል። ብዙ ሰው ክሩ ሞተ ሚለው ድምፁ ጥርት ማለቱን ሲያቆም ነው፣ እኔ ግን ሞተ ምለው ቅኝቱ ሲከዳኝ ነው፣ ልዩነታችን እዚህ ጋ ነው።

ኮትድ ሚባሉት ይሄ ቆሻሻ እንዳይገባ በጣም ስስ ሽፋን የተደረገባቸው ናቸው። ኤሊክሰር ሚባለውን ኮትድ ክር ሚሰራው ጎር ሚባለው ድርጅት ጎርቴክስ ሚባለውን ዝናብ ማያስገባ የጃኬት ጨርቅ የሰራው ነው፣ የክሩም ሽፋን ከዛው ከቴፍሎን ዘር ነው። ጥምጥሙ ደግሞ በብዛት በሁለት ዓይነት ይመጣል፣ 80/20 ሚባለው 80 ከመቶ መዳብ 20 ከመቶ ዚንክ ነው፣ ፎስፈር ብሮንዝ ሚባለው 92 ከመቶ ገደማ መዳብ ሆኖ ቀሪው ቲንና ትንሽዬ ፎስፈረስ ነው፣ እሱን ለቦክስ ጊታር ዳዳሪዮ ሚባለው የአሜሪካ ክር ሰሪ ነው በ1974 (በፈረንጅ) ያመጣው። የመጀመሪያው ጥርት ያለና ሹል ነው፣ ሁለተኛው ሞቅ ያለ ነው።

የሞከርኩት እንዲህ ነው። ሶስቱም ውፍረታቸው አንድ፣ ከ12 እስከ 53 (በኢንች ሺኛ) ሚባለው ላይት፣ አንዱ ሽፋን የሌለው 80/20፣ አንዱ ሽፋን የሌለው ፎስፈር፣ ሶስተኛው ሽፋን ያለው ፎስፈር። በየቀኑ አንድ ሰዓት እጫወታለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት እዛው ክፍል፣ እዛው ወንበር ላይ፣ ስልኩን አንድ ክንድ ያህል ርቀት ላይ አስቀምጬ እቀዳለሁ፣ ፒኩም (ክር ምመታበት ፕላስቲክ) ያው አንድ ፒክ። ሁሌ ያንኑ ነው ምጫወተው፣ ስድስቱን ባዶ ክር፣ ቀጥሎ 12ኛው ፍሬት ላይ ሃርሞኒኩንና (ክሩን ሳልጫን ነካ ብቻ አድርጌ ማወጣውን ድምፅ) ተይዞ ሚመታውን በቱነር፣ በቅኝት መለኪያ፣ አይቼ ልዩነቱን ደብተር ላይ እፅፋለሁ፣ ከዛ ትንሽ ትዝታ፣ ትንሽ ባቲ፣ ትንሽ አምባሰል። ቀረፃ ከሌለህ እመነኝ ጆሮ ይሸነግላል፣ በየቀኑ ትንሽ በትንሽ ሚሞተውን ክር ትለምደውና አዲስ እስክታስር ድረስ ደህና ይመስልሃል።

80/20ው በመጀመሪያዎቹ ሶስት ቀናት እንዴት እንደሚያምር አልነግርህም፣ በተለይ ግራ እጅህን ክሩ ላይ አሳርፈህ የፈለከውን ብቻ እየለቀክ እንደ ክራር ስትመታው ጭርርር ማለቱ ልብ ይወስዳል። በአስረኛው ቀን ግን አለቀ፣ ጥምጥሙ ጠቁሮ ዲ እና ጂ ክሮች (ከቀጭኑ ሲቆጠር አራተኛውና ሶስተኛው) ላይ ቱነሩ እስከ 10 ሴንት (ሴንት የአንድ ፍሬት እርምጃ መቶኛ ነው) ስህተት ያሳየኝ ነበር፣ ስናስረው ልክ የነበረው ማለት ነው። ሽፋን የሌለው ፎስፈር ወደ ሶስት ሳምንት ተኩል ሄደ፣ አረጃጀቱም ደስ ይላል፣ ድንገት አይወድቅም፣ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ያለው ድምፁ ለኔ ከአዲሱ ይሻላል። ሽፋን ያለው መጀመሪያ ስመታው ቅር ብሎኝ ነበር፣ ትንሽ የታፈነ፣ ጣት ላይም ሚያንሸራትት ነገር አለው። ግን ያው የመጀመሪያ ቀን ድምፅ ሁለት ወር አለፈው፣ የመጀመሪያውን ቅዳሜና የስምንተኛውን ቅዳሜ ቀረፃ ለማስተምራቸው ልጆች አሰማኋቸውና የትኛው አዲስ እንደሆነ መለየት አልቻሉም። አስራ አንደኛው ሳምንት ላይ ፒክ ሚያርፍበት ቦታ ሽፋኑ እንደ ፀጉር መላላጥ ጀመረ፣ እሱ ለአይን ነው ሚያስጠላው እንጂ ቅኝቱ ገና ደህና ነበር። ሽፋኑ በጣት ሲንሸራተቱ ሚሰማውን ጭጭጭታም ይቀንሳል፣ ለምትቀዳ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ማሳስብህ ነገር ግን ሁለቱ ቀጫጭኖች፣ ቢ እና ትንሿ ኢ፣ ጥምጥም የሌላቸው ባዶ ብረት ናቸው፣ ውድ ስለገዛህ አይበጠሱም ማለት አደለም። የኔ ትንሿ ኢ ስድስተኛው ሳምንት ላይ ሰርግ መሀል ተበጥሳለች። ስለዚህ ሁለቱን ነጠላ ነጠላ ገዝተህ ቦርሳህ ውስጥ አስቀምጥ።

አሁን ወደኛ ቅኝት ልምጣ፣ ምክንያቱም ዩቲዩብ ላይ ክር ሚያወዳድሩት ሰዎች ኮርድ (ብዙ ድምፅ ባንዴ) እየመቱ ነው ሚያወዳድሩት፣ ኮርድ ብዙ ስህተት ይሸፍናል። የኛ ግን አምስት ድምፅ ነው፣ አንድ በአንድ እየተለቀመ፣ ራቁቱን ነው ሚሰማው። አምባሰልን ከኢ ጀምረህ ያዘው፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ነው። ኢ ባዶው ትልቁ ኢ ክር፣ ኤፍ እዛው አንደኛው ፍሬት፣ ኤ ባዶ፣ ቢና ሲ እዛው ኤ ክር ላይ ሁለተኛና ሶስተኛ ፍሬት። ባዶና የተያዘ እየተቀላቀለ ነው ሚሄደው፣ ከኢ ወደ ኤፍ ያለችው ጠባብ እርምጃ ደግሞ የአምባሰል ነፍሱ ነች፣ እሷ ትንሽ ከተዛባች እናቶቻችን ሲያንጎራጉሩ የሰማኸው አምባሰል አይሆንም። ያረጀ ክር ሚያበላሸው እሷኑ ነው። ባቲም አምባሰልም የገዛ አገራችን ስም ነው፣ በተዛባ ክር መጫወት በግሌ ይከብደኛል።

ቱነር ሳትይዝ በጆሮ መፈተሽ ከፈለክ ጂ ክር ላይ አራተኛውን ፍሬት ይዘህ ከባዶው ቢ ጋር አብረህ ምታቸው፣ ሁለቱም አንድ ቢ ናቸው። ዋ ዋ ዋ እያለ ከተወዛወዘ አንዱ ከቅኝቱ ወጥቷል ማለት ነው። ይሄን ግን ክሩን ያሰርክ ቀን አድርገህ ፃፈው፣ ብሪጁ ወይ ነቱ (ክሩ ከታችና ከላይ ሚያርፍባቸው) ራሱ ችግር ካለበት አዲሱም ክር ይወዛወዛል፣ ያኔ ክር መቀየር ብር ማቃጠል ነው።

የኮምቦልቻ ነገር እውነት ነው። ጥር ላይ ለሰርግ በሐረጎ (ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው መንገድ) ስወርድ ደሴ ብርድ ላይ የቃኘሁት ጊታር እናንተ ጋ ስደርስ ወርዶ አገኘዋለሁ፣ ክር ሲሞቅ ይለጠጣልና። ዋናው ገዳይ ግን ሙቀቱ አደለም፣ እጅህ ላይ ሚያመጣው ላብ ነው። ሽፋን የሌለው ፎስፈር ደሴ ከሶስት ሳምንት በላይ የቆየልኝ፣ እናንተ ጋ ሶስት ሰርግ በተከታታይ ስጫወትበት በአስራ ሁለት ቀን ጠቁሯል። ስለዚህ ላባም እጅ ካለህና በሳምንት ከአራት አምስት ሰዓት በላይ ምትጫወት ከሆነ ግዛው፣ እኔ ሁለት እጥፍ ተኩል ከፍዬ ከሶስት እጥፍ በላይ ቆይቶልኛል። በሳምንት አንዴ ብቻ ከሆነ ምታነሳው ሽፋን የሌለው ፎስፈር ይበቃሃል። 80/20 ለቀረፃ ቀን ብቻ።

ስትገዛ ፌክ እንዳያሸክሙህ። የዳዳሪዮ ከሆነ የክሩ ጫፍ ላይ ያለችው ኳስ ቀለም አላት፣ ትንሿ ኢ ብርማ፣ ቢ ወይን ጠጅ፣ ጂ አረንጓዴ፣ ዲ ጥቁር፣ ኤ ቀይ፣ ትልቁ ኢ ነሐስማ። ቀለሙ ከተዘበራረቀ ተወው፣ ልክ ሆኖም ግን አስመስለው ሊሰሩት ስለሚችሉ የውስጡ ማሸጊያ አለመከፈቱን እይ፣ ጥምጥሙ ላይ ጥፍርህን ሳብ አድርገው፣ ሚያደናቅፍህ ቦታ ካለ አትቀበል። አንዴ እኔም ከአንድ ሱቅ ተሸውጄ በአራተኛው ቀን ነው ዝገት ያየሁበት።

ደግሞ በአላህ፣ በማርያም፣ ጊታርህ የናይለን ክር ሚያስር ክላሲክ ከሆነ ይሄን ሁሉ እርሳው። የብረቱ ላይት ስድስቱም ተጠረው ከ70 ኪሎ በላይ ይስባሉ፣ የናይለኑ ወደ 40 ኪሎ ነው፣ ብሪጁን ነቅሎ ነው ሚጥልልህ። አንድ ጎረቤቴ ላይ ደርሶ አይቻለሁ።

ሽፋን ያለውን ስታስር ትርፉን ከመቁረጥህ በፊት መጀመሪያ እጠፈው፣ ከዛ ከታጠፈው አለፍ ብለህ ቁረጥ፣ አለዚያ ጥምጥሙ ሊላላ ይችላል። ከመጫወትህ በፊት እጅህን በሳሙና ታጠብ፣ በተለይ ወጥ ከበላህ፣ ስትጨርስ በደረቅ የጥጥ ጨርቅ ከላይም ከስርም ጥረገው። ዘይት ቀቡት ሚሉህን አትስማ። አሁን ያሰርከውን ክር ስትፈታ ጂውን በጥፍርህ ከስሩ ዳሰው፣ ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ፍሬት ያለው ላይ ጎድጎድ ያለ ነገር ካገኘህ እዚሁ ፃፍልኝ፣ ከጎደጎደ ስንት ሰዓት እንደምትጫወት ነግረኸኝ የትኛው እንደሚሻልህ እንነጋገራለን።