ለጀማሪ ጤና ባለሙያዎች፦ «መጠጥ ስትተው ና» አትበሉ

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ሥራ ለምትጀምሩ ልጆቼ። ጎዳና ላይ የሚያድር ሰው ሲመጣላችሁ ሕመሙን አንድ ክፍል፣ ሱሱን ሌላ ክፍል፣ ማደሪያ ማጣቱን ደግሞ «የእኛ ሥራ አይደለም» ብላችሁ አትከፋፍሉት። ሦስቱም በአንድ ሰው ላይ ናቸው፤ አብረው ካልታከሙ አንዱም አይድንም።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የሐምሌን ሌሊት ጦሳ ተራራ ሥር ደጅ ማሳለፍን አስቡት። አረቄ የሚጠጣው ለብርዱ ነው፣ የጎዳና ልጆችም ማስቲሽ የሚስቡት ረሃቡን ለመርሳት ነው። አረቄው ያሞቀ ይመስላል እንጂ የሰውነትን ሙቀት ያስወጣል። ስለዚህ «ለምን ትጠጣለህ?» ከማለታችሁ በፊት «የት ታድራለህ?» በሉ።

«መጀመሪያ መጠጥ ተው፣ ከዚያ ና» የሚለው መልስ ሰው ይገድላል። ይህን ስል እያጋነንኩ አይደለም። በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው ድንገት ሲያቆም በ6 እና በ24 ሰዓት መካከል እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ያስመልሰዋል። እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ሊያንፈራግጠው ይችላል። ከዚያም መቃዠት ሊመጣ ይችላል። እግሩ ተሰብሮ የተኛ ሰው በሁለተኛው፣ በሦስተኛው ቀን ሲጮህና ከአልጋ ሲወርድ «አበደ፣ አስወጡት» የሚባለው ያኔ ነው። አበደ አትበሉ፤ መጨረሻ የጠጣው መቼ እንደሆነ ገና ሲገባ ጠይቁት። ማንቀጥቀጡንና ማንፈራገጡን የሚያስታግስ ዲያዜፓም አለ፣ ቫይታሚን ቢ1 አለ። ቢ1ዱን ከግሉኮስ በፊት መስጠት አትርሱ፤ ይህን የሚረሳ ብዙ ነው።

በክረምት ደግሞ ግርሻ፣ ማለትም እየተመላለሰ የሚነሳ ትኩሳት፣ አለ። የሚያስተላልፈው የልብስ ቅማል ነው። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፣ ይሠራልም። ግን የመጀመሪያውን መድኃኒት እንደወሰደ ትኩሳቱ ሊብስ፣ የደም ግፊቱም ሊወርድ ስለሚችል ለጥቂት ሰዓታት ከዓይናችሁ አይራቅ። ልብሱ ካልተቀቀለ፣ ቅያሪ ካላገኘ፣ ወደሚተኛበት የማዳበሪያ ከረጢትና ወደዚያው ቅማል ይመለሳል። እዚህ ላይ የጽዳት ሠራተኛዋ ሥራ ከሐኪሙ አያንስም፤ አክብሯት፣ አማክሯትም።

የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት 6 ወር ነው። ከመጠጥ ጋር ጉበት ይጎዳል። ያ ግን መድኃኒት ለመከልከል ምክንያት አይሆንም፤ ጉበቱን መከታተል ነው። ኪኒኑን የት እንደሚያስቀምጥ ጠይቁ። ኪስ ውስጥ ይረጥባል፣ ይሰረቃል። ፈቃዱ ከሆነ የሚያድርበት አካባቢ ያለችው ሻይ ሻጭ ብታስቀምጥለት ትችላለች። እሷ ከማናችንም በላይ ውሎ አዳሩን ታውቃለች። ምን ዓይነት በሽታ እንደሆነ ግን ለእሷ መንገር የእናንተ አይደለም።

የጤና መድህኑ ነገር ያናድደኛል። ምዝገባው በቀበሌ፣ በቤተሰብ ነው፤ እሱ ቤትም ቤተሰብም የለው። ደብዳቤ ጽፋችሁ ብቻ አትሸኙት። ሶሻል ወርከር ካለ አብሮት ቀበሌ ይሂድ፣ ከሌለ ከእናንተ አንዱ ይሂድ።

ታክሞ ወጥቶ እንደገና ጠጥቶ ይመጣል። ይህ የበሽታው ጠባይ ነው፤ እንደ ንቀት አትቁጠሩት። በር ላይ ለሚቆሙት ጥበቃዎች ይህን አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ሲገባ «አብሽር» በሉትና አስቀምጡት፤ ከዚያ ካርዱን አውጥታችሁ መድኃኒቱን ለስንት ቀን እንዳቋረጠ ጠይቁት።