ላይ ወደ ኮምቦልቻ፣ ታች ወደ ደሴ አትሂድ

ልጁ የጠየቀው በ(-2፣ 5) እና በ(4፣ -7) የሚያልፍ መስመር ስሎፑ (ተዳፋቱ፣ ማለትም የy ልዩነት ላይ፣ የx ልዩነት ታች ሆኖ ሲካፈል የሚመጣው) ስንት ነው ብሎ ነው። እሱ 2 አገኘ፣ መልሱ ግን -2 ነው ተብሏል። አብሽር ወንድሜ፣ ለጥቂት ነው የሳትከው።

የለጠፍከውን አየሁት። ላይ -7 ሲቀነስ 5 ብለህ -12 አገኘህ፣ ልክ ነህ። ታች ግን -2 ሲቀነስ 4 አልክና -6 መጣ። ላይ ከሁለተኛው ነጥብ ጀምረህ ታች ከመጀመሪያው ጀመርክ ማለት ነው። ከፈለግከው ነጥብ ጀምር፣ ግን ላይ ያስቀደምከውን ታችም አስቀድም። 4 ሲቀነስ (-2)፣ 6። -12 ለ6 ሲካፈል -2፣ አለቀ። ቅንፏን እንዳትረሳ፣ 4 ሲቀነስ 2 ብሎ የሚሠራ ሞልቷል።

እኔም ደሴ ስማር ይቺው ነገር አንድ ፈተና ላይ ሦስት ጥያቄ በልታብኛለች። ፎርሙላውን እንደ ውዳሴ በቃሌ እወጣዋለሁ፣ ለምን እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር። የገባኝ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ደሴ ከፍታዋ ወደ 2,500 ሜትር ነው፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850፤ ለዚህ ነው ደሴ በጃኬት ተሳፍረህ ኮምቦልቻ ስትደርስ የምታወልቀው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስትወርድ ከፍታው በ650 ይቀንሳል፣ -650 ለ25,000፣ -0.026። በየ100 ሜትሩ 2.6 ሜትር መውረድ ማለት ነው። (በመንገዱ ላይ ያለው ሐረጎ ቁልቁለት ላይ የፍሬን ሽታ የሸተተው ሰው 2.6 ብቻ? ማለቱ አይቀርም፤ አማካይ ነው። ደግሞ በጥብቅ ካየነው የሚካፈለው ለአግድም ርቀት እንጂ ለኩርባው ሁሉ አይደለም።)

አሁን ስትመለስ አስበው። ከፍታው +650 ሆነ፣ ግን ወደኋላ እየሄድክ ስለሆነ ርቀቱም -25,000 ነው። ሲካፈል ያው -0.026! መንገዱ ስለተመለስክበት አልተቀየረም፣ ሁለቱም ምልክት አብሮ ነው የሚገለበጠው። ያንተ መኪና ግን ላይ ወደ ኮምቦልቻ፣ ታች ወደ ደሴ እየነዳች ነው።

ከመጨረስህ በፊት ነጥቦቹን ወረቀት ላይ ጣል ጣል አድርጋቸው። ከግራ ወደ ቀኝ መስመሩ ቁልቁል ከሆነ መልስህ ኔጋቲቭ ካልሆነ ተሳስተሃል፣ ወደ ቀኝ ሽቅብ ከሆነ ፖዘቲቭ።

ሁለተኛው ጥያቄህ፣ (3፣ 1) እና (3፣ 8)፣ ታች ዜሮ ስለሚመጣ ስሎፕ የለውም። ዜሮ ነው ብለህ እንዳትጽፍ። ዜሮ ሜዳ ነው፣ ይሄ ቀጥ ያለ ገደል ነው።