የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የፕላስቲክ ሉህ በምን ይቆረጥ?

ጥያቄ፦ የማስታወቂያ ፊደላት፣ ሣጥኖችና የማሽን መከለያዎች የምሠራበት አነስተኛ ወርክሾፕ አለኝ። እስካሁን ሁሉንም ዓይነት ፕላስቲክ የምቆርጠው በጂግሶው (ምላጩ ወደ ላይና ወደ ታች በሚመላለስ የኤሌክትሪክ የእጅ መጋዝ) ነው። አክሪሊክ (መስተዋት የሚመስለውን ጠንካራ ፕላስቲክ) ስቆርጥ ግን መጋዙ ያለፈበት መስመር ከኋላ ቀልጦ መልሶ ይጣበቃል፤ ጠርዙም ይሸራረፋል። የሙያ ጓደኞቼ «ሌዘር ግዛና ተገላገል» ይሉኛል። የማዘወትራቸው ዕቃዎች ባለ 3 እና ባለ 5 ሚሊሜትር አክሪሊክ፣ ባለ 10 ሚሊሜትር የፒቪሲ ፎም (በውስጡ የአየር ቀዳዳዎች ያሉት ቀላል የፕላስቲክ ሉህ)፣ እንዲሁም ለመከለያ የሚታዘዝ ፖሊካርቦኔት (በቀላሉ የማይሰበር ፕላስቲክ) ናቸው። ሌዘር ለሁሉም ይበቃኛል?

መልስ፦ አይበቃዎትም። ከዘረዘሯቸው ሦስት ዕቃዎች በሌዘር አምሮ የሚቆረጠው አክሪሊኩ ብቻ ነው፤ ፖሊካርቦኔቱ ይበላሽብዎታል፤ የፒቪሲ ፎሙ ደግሞ ጨርሶ ወደ ሌዘር መቅረብ የለበትም። ስለዚህ ማሽን ከመምረጥዎ በፊት ዕቃው ሲሞቅ ምን እንደሚሆን ማወቅ ያስፈልግዎታል። ብረት ሲቆረጥ የሚፈጠረው ሙቀት በብረቱ ውስጥ ቶሎ ይሰራጫል፤ ፕላስቲክ ግን ሙቀቱን እዚያው በተቆረጠበት ቦታ ይዞ ያስቀረዋል፤ ሙቀቱም ሲጠራቀም ጠርዙ ይለሰልሳል። ጠንካራ ፒቪሲ በ80 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ፣ አክሪሊክ በ105 አካባቢ መለስለስ ሲጀምሩ፣ ፖሊካርቦኔት እስከ 147 ዲግሪ ገደማ ይቋቋማል። በፍጥነት የሚመላለስ የመጋዝ ምላጭ እነዚህን የሙቀት መጠኖች ለመድረስ ብዙ ደቂቃ አይፈጅበትም።

የጂግሶውዎ ችግርም ከዚህ ይመነጫል። የሚሠሩት ጥርሶች ጥቂት ስለሆኑና አንዱን ቦታ ደጋግመው ስለሚያሹት ይግላሉ፤ የቀለጠው ፍቅፋቂም መውጫ አጥቶ የተከፈተውን መስመር መልሶ ይዘጋዋል። ፍጥነቱን ይቀንሱ፤ ምላጩን ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚያወዛውዘውን ማስተካከያ ያጥፉት፤ የሉሁን መሸፈኛ ወረቀት ሳይልጡ፣ ሉሁንም ከጣውላ ጋር በሞርሳ አጥብቀው ይቁረጡ። መሣሪያውን ሳያቆሙ በእኩል ግፊት መግፋትም ያስፈልጋል። የሚወጣውን ነገር ልብ ብለው ይመልከቱ፤ በንጹሕ የተቆረጠ ፕላስቲክ ተነጣጥሎ የሚወድቅ ፍቅፋቂ ያወጣል፤ የሚወጣው ደቃቅ ዱቄት ወይም የተጠቀለለ ሙጫ መሰል ነገር ከሆነ ግን ስለቱ እየቆረጠ ሳይሆን እያሸ ነው። ይህ ምልክት ለጂግሶው ብቻ ሳይሆን ለማንኛውም ስለት ይሠራል።

ቀጥ ላለ መስመር ጂግሶው የመጨረሻው ምርጫ ሊሆን ይገባል። ባለ 3 ሚሊሜትር አክሪሊክ በማስመሪያ ጠርዝ ላይ በመፋቂያ ቢላዋ ስምንት ወይም አሥር ጊዜ ተፍቆ በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ በአንድ ጊዜ ጫን ቢሉት ቀጥ ብሎ ይሰበራል፤ ሙቀት የለ፣ ድምፅ የለ፣ ብናኝም እምብዛም የለ። ባለ 5 ሚሊሜትሩ በዚሁ መንገድ ይሆናል፤ ሆኖም ጠለቅ ያለ ፍቀት ይፈልጋል፤ አንዳንዴም መስመሩን ይስታል። ፖሊካርቦኔትን ግን በዚህ መንገድ አይሞክሩት፤ ጠባዩ መሰበር ሳይሆን መታጠፍ ነው። ቀጭኑን፣ ማለትም እስከ 1.5 ሚሊሜትር ገደማ ያለውን፣ በላሜራ መቀስ መቁረጥ ይቻላል።

ብዛት ያለው ቀጥተኛ ሥራ ካለ የጠረጴዛ ክብ መጋዝ ሦስቱንም ዕቃዎች ያስተናግዳል። የ250 ሚሊሜትር ዲስክ ከሆነ ከ60 እስከ 80 ጥርስ ያለውን፣ ጫፎቹ ከካርባይድ (እጅግ ጠንካራ ከሆነ የብረት ውሁድ) የሆኑትን፣ ጥርሶቹም አንዱ ጠፍጣፋ፣ ቀጣዩ ከሁለት በኩል የተከረከመ እየሆኑ የሚፈራረቁበትን ዲስክ ይምረጡ። ለእንጨት የተሠራው ሻካራ ዲስክ አክሪሊክን ይሸራርፋል። መጋዙ 3 ሚሊሜትር ያህል ዕቃ እንደሚበላም በልኬት ጊዜ ያስቡበት።

ለፊደላትና ለተጠማዘዘ ቅርጽ ራውተር (በፍጥነት በሚሽከረከር መቁረጫ ቅርጽ የሚያወጣ መሣሪያ)፣ አቅም ሲፈቅድም ሲኤንሲ ራውተር (በኮምፒውተር የሚመራው)፣ ለእርስዎ ሥራ ከሁሉ ይበልጥ ይረባል ብዬ አምናለሁ። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው መቁረጫው ላይ ነው። ባለ አንድ ስለት መቁረጫ ይግዙ። በደቂቃ 18,000 ጊዜ የሚዞር ባለ አንድ ስለት መቁረጫ በደቂቃ 1,800 ሚሊሜትር ቢገፋ በእያንዳንዱ ዙር 0.1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ፍቅፋቂ ያነሣል፤ ሙቀቱም ከፍቅፋቂው ጋር ይወጣል። በዚያው ፍጥነት ባለ ሁለት ስለት ቢያስገቡ የፍቅፋቂው ውፍረት ወደ 0.05 ይወርድና መታሸት ይጀምራል። ብዙዎች ጠርዙ ሲቀልጥባቸው ግፊቱን ይቀንሳሉ፤ መድኃኒቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ተቃራኒው ነው፤ ወይ ፈጠን አድርጎ መግፋት፣ ወይ የመዞሪያውን ፍጥነት ዝቅ ማድረግ። የራውተር ጉድለት በውስጥ ማዕዘን ላይ ይታያል፤ ባለ 3 ሚሊሜትር መቁረጫ 1.5 ሚሊሜትር ሬዲየስ ያለው ክብነት ትቶ ያልፋል። ለፊደል ይህ ቅር ያሰኝ ይሆናል፤ ለማሽን መከለያ ግን ክብ ማዕዘን ጥቅም ነው፤ ምክንያቱም ስንጥቅ የሚጀምረው ከሹል ማዕዘን ነው።

አሁን ወደ ሌዘሩ እንመለስ። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር የሞገድ ርዝመቱ 10.6 ማይክሮሜትር ሲሆን፣ አክሪሊክ ይህን ጨረር በደንብ ይውጠዋል፤ ዕቃው በቀጥታ ወደ ትነት ስለሚለወጥ ጠርዙ እንደ መስተዋት ያበራል፤ የሚጠፋውም ስፋት 0.2 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። በርካሽ የሚሸጡት የ450 ናኖሜትር ሰማያዊ ዳዮድ ሌዘሮች ግን ግልጽ አክሪሊክን አይቆርጡም፤ ብርሃናቸው በመስኮት እንደሚያልፍ ሁሉ በውስጡ ያልፋል። ፖሊካርቦኔት በሌዘር ሲነካ ይጠቁራል፣ ጥቀርሻ ያወጣል፣ ጠርዙም ቡናማ ይሆናል። ፒቪሲ ደግሞ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ፣ 57 በመቶ ያህሉ፣ ክሎሪን ነው፤ ሲቃጠል የሚወጣው ሃይድሮጂን ክሎራይድ ከአየር እርጥበት ጋር ተገናኝቶ ወደ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይለወጣል፤ አሲዱም የማሽኑን ሐዲድና የሌንስ መያዣ ይበላል፤ ሳንባንም ይጎዳል። «ጭስ መሳቢያ አለኝ» ማለት መልስ አይሆንም፤ ጭሱ ወደ መሳቢያው ከመድረሱ በፊት በማሽኑ ውስጥ ያልፋልና። አክሪሊክም ቢሆን በእሳት ይያያዛል፤ እየሠራ ያለ ሌዘር ለአንድ ደቂቃም ቢሆን ያለ ጠባቂ አይተውም።

ስሙ ያልተጻፈበት ቁራጭ በእጅዎ ከገባ ከማሽኑ በፊት ይፈትኑት። የመዳብ ሽቦ በነበልባል ውስጥ ቀለም መስጠት እስኪያቆም ያግሉ፤ በጋለው ሽቦ ፕላስቲኩን ነክተው ሽቦውን መልሰው ወደ ነበልባሉ ያስገቡ፤ እሳቱ አረንጓዴ ከሆነ ክሎሪን አለበት። ፈተናውን አየር በደንብ በሚዘዋወርበት ቦታ፣ በትንሽ ቅንጣት ብቻ ያድርጉት። አክሪሊክንና ፖሊካርቦኔትን ለመለየት ክብደት አይረዳም፤ የአንዱ እፍጋት በኩብ ሴንቲሜትር 1.19 ግራም፣ የሌላው 1.20 ነው። ይልቁንስ ቀጭን ትርፍራፊ የዓይን መነጽር አድርገው በጉጠት ይጠፉት፤ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ አክሪሊክ፣ ታጥፎ ከቀረ ፖሊካርቦኔት ነው።

በከፍተኛ ግፊት ውኃ መቁረጥም እንዳለ ሰምተው ይሆናል፤ ሙቀት ስለማይፈጥር ለወፍራም ሉህ ግሩም ነው፤ በእርስዎ ውፍረትና የሥራ መጠን ግን ወጪውን አይመልስም።

እንግዲህ በእርስዎ ቦታ ብሆን መጀመሪያ የምገዛው መፋቂያ ቢላዋ፣ ጥሩ ዲስክና የእጅ ራውተር ከቅርጽ ሰሌዳ (ራውተሩ ተከትሎት ከሚሄድ ሞዴል) ጋር ነው። የአክሪሊክ ፊደላቱን ሌዘር ላለው ወርክሾፕ ሰጥቼ አስቆርጣለሁ፤ ለዚያ የምከፍለው ገንዘብ በየወሩ እየበዛ ከሄደ ብቻ ስለ ሌዘር አስባለሁ።

ጥያቄ፦ በሌዘር ያስቆረጥኩት አክሪሊክ ሲመጣ ጠርዙ እጅግ ያማረ ነበር። በአልኮል ስወለውለው ግን በጥቂት ጊዜ ውስጥ ፀጉር የመሰሉ ስንጥቆች ሞሉት። ሉሁ የተበላሸ ይሆን?

መልስ፦ ሉሁ ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ሌዘሩ ጠርዙን አቅልጦ በቅጽበት ስለሚያቀዘቅዘው በውስጡ ውጥረት ታምቆ ይቀራል፤ አልኮል፣ አሴቶን ወይም ፈሳሽ ማጣበቂያ ሲነካው ውጥረቱ በስንጥቅ መልክ ይወጣል። በእሳት ነበልባል የተወለወለ ጠርዝም እንዲሁ ይሆናል። የተቆረጠውን ሥራ ከማጣበቅ በፊት በ80 ዲግሪ አካባቢ ለብዙ ሰዓት አሙቆ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ማድረግ ውጥረቱን ያስለቅቃል። ይህ ካልተመቸ በለብታ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ብቻ ያጽዱት፤ የሚጣበቀውን ጠርዝም በመጋዝ ወይም በራውተር ቆርጠው በብርጭቆ ወረቀት ያስተካክሉት።

ጥያቄ፦ ለብሎን የምበሳው ቀዳዳ ዙሪያውን ይሰነጠቃል። ከምን የመጣ ነው?

መልስ፦ ለብረት የተሳለው መሰርሰሪያ ፕላስቲኩን ከመፋቅ ይልቅ እንደ ብሎን ነክሶ ስለሚጎትተው ነው፤ በተለይ ከታች በኩል ሊወጣ ሲል። የመሰርሰሪያውን የመቁረጫ ጠርዝ በጥቂቱ ያደንዙት፤ ከሉሁ ሥር ጣውላ ያስደግፉ፤ በዝግታም ይብሱ። ቀዳዳውንም ከብሎኑ ሰፋ አድርገው ይተዉት፤ አንድ ሜትር አክሪሊክ በየአንድ ዲግሪው 0.07 ሚሊሜትር ያህል ስለሚረዝም፣ በ30 ዲግሪ ልዩነት ወደ 2 ሚሊሜትር የሚጠጋ ለውጥ ያሳያል፤ ብሎኑ ጥብቅ ከሆነም ሉሁ የሚፈናፈንበት አጥቶ ከቀዳዳው ይሰነጠቃል።