ሙዜን ብርድ መታብኝ፤ ልንቀለው?

ከሐረር አንዲት እህት እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ። «ባለፈው ግንቦት ከድሬ ሦስት የሙዝ ችግኝ አምጥቼ ግቢዬ ተከልኩ። ቤቴ ከከተማው ወጣ ብሎ ረባዳ ቦታ ላይ ነው። ክረምቱን እንደ ጉድ አደጉልኝ። በታኅሣሥ አንድ ጠዋት ስነሳ ሣሩ ላይ አመዳይ አየሁ። በሁለት ቀን ውስጥ የሙዙ ቅጠል በሙሉ ጠቆረ፣ እንደተቀቀለ ጎመን ተልፈሰፈሰ። ካናዳ ያለው ወንድሜ ‹እዚህ ነቅለው ቤት ነው የሚያስገቡት፣ አንቺም ንቀዪው› ይለኛል። ልንቀለው?»

አትንቀዪው እህቴ። ቢላዋም አታንሺ፣ ለጊዜው።

ወንድምሽ አልዋሸም። እሱ ያለበት አገር መሬቱ ራሱ በረዶ ይሆናል። ስለዚህ ብርዱ ሳይገባ ቅጠሉን ቆርጠው፣ ከነሥሩ አውጥተው፣ ጨለማና ቀዝቃዛ ምድር ቤት ያስቀምጡታል። እስኪሞቅ ድረስ ውኃ እንኳ በጭላፊ ነው። እንዲያውም እንዲህ ከሚሸከሟቸው አንዱ የኛው እንሰት ነው፤ ቅጠሉ ቀላ ያለው። ለጌጥ ይተክሉታል። የዶርዜ ሰው ቢያይ ይስቃል።

ያንቺ መሬት ግን በረዶ አይሆንም። ሌሊቱ ይበርዳል፣ ቀን ፀሐይዋ ትመልሰዋለች። ብትነቅዪው ብርዱ ያልነካውን ሥር አንቺው በጠስሽው ማለት ነው።

የሞተው ምንድን ነው? ቅጠሉ። ሙዝ እኮ ዛፍ አይደለም። ግንድ የምንለው ነገር ተጠቅልሎ የቆመ የቅጠል እግር ነው። እውነተኛው ግንድ ከመሬት በታች ነው ያለው። እንሰት የሚያውቅ ሰው አሚቾ የሚለው ዓይነት ወፍራም ነገር። ልጅ የሚወልደውም እሱ ነው። አሚቾው ደህና ከሆነ ሙዝሽ አለ።

ለምን ድሬ ላይ ያልሆነው ሐረር ሆነ? ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ነች፣ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች። ከድሬ ወደ ሐረር የደንገጎን ዳገት ስትወጪ ጃኬት የምትፈልጊው ለዚህ ነው። ያ ከፍታ 4 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ሙዝ የሚወደው 27 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከ14 በታች ማደጉን ያቆማል፣ ከ10 በታች ቅጠሉ መታመም ይጀምራል፣ ዜሮ ሲጠጋ ይቃጠላል። ረባዳው ደግሞ ጨመረበት። ደመናና ነፋስ በሌለበት ሌሊት ቀዝቃዛ አየር እንደ ውኃ ቁልቁል ይፈስሳል፣ ጉድጓድ ሲያገኝ ይተኛል። ያንቺ ግቢ ጉድጓዱ ነው።

አሁን እስከ የካቲት መጨረሻ ሥራሽ አሚቾውን መጠበቅ ነው። የጠቆረውን ቅጠል ተዪው። ያስጠላል፣ አውቃለሁ። ግን ተንጠልጥሎ ግንዱን እንደ ጋቢ ይሸፍነዋል። እኔ ራሴ በጀማሪነቴ ሐረር ላይ አንድ ግቢ በታኅሣሥ ሙልጭ አድርጌ መልምዬ፣ ቀጥሎ የመጣው ብርድ ግንዱን እስከ ታች አወረደው። ባለቤቷ እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች።

ሥሩ ዙሪያ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ደረቅ ነገር ከምሪበት። የማሽላ አገዳ፣ የቡና ገለባ፣ የደረቀ የጫት ገረባም ይሆናል። ሐረር ገረባ ይጠፋል እንዴ? እርጥቡን ግን አትጠቀሚ፣ ይበሰብሳል። ከግንዱም አራት ጣት ያህል አርቂው።

ሥሩ አጠገብ ትንንሽ ልጆች ወጥተው ከሆነ አያያዛቸው ይለያል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ገለባ የመሬቱን ሙቀት ከታች ያፍናል። ለአሚቾው ጥሩ ነው፣ ከላይ ላለው ቅጠል ግን አይደለም። ስለዚህ የትንንሾቹን ዙሪያ አፈር ባዶ ተዪው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ የሌለበት ቀን ከሆነ፣ ረፋድ ላይ አፈሩን አርጥቢው። እርጥብ አፈር ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት ይመልሳል። ማታ አራት እንጨት ተክለሽ ማዳበሪያ አልብሺ (ከረጢቱን ማለቴ ነው!)፣ ጠዋት አንሺው። ላስቲክ ከሆነ ቅጠሉን እንዳይነካ፤ የነካበት ቦታ ይቃጠላል።

ለትልልቆቹ ውኃ ቀንሺ። በሙቀት ጊዜ በሳምንት ሁለት ጀሪካን ታጠጪ ከነበር፣ አሁን በሁለት ሳምንት አንድ ይበቃል። መጀመሪያ ጣትሽን አፈር ውስጥ ክተቺ፤ እርጥብ ከሆነ ተዪው። ብርድና ጭቃ ሲገናኙ አሚቾ ይበሰብሳል። ዩሪያም አሁን አይሰጥም። ለጋ ቅጠል አውጥቶ እንደገና ይመታል።

መጋቢት ላይ የበልግ ዝናብ ሲሸት ቢላዋሽን በበረኪና አጥበሽ ግንዱን ከላይ ቁረጪ። መሃሉ ቡናማና ልፍስፍስ ከሆነ አንድ ስንዝር ወርደሽ ድገሚ። ነጭና ጠጣር ስታገኚ አቁሚ። ከዚያ አዲስ ቅጠል ተጠቅልሎ ሲወጣ ታያለሽ። እስከ መሬት ከወረድሽም አይክፋሽ፣ ከጎን ልጅ ይመጣል። ቅጠሉ እንደ ጎራዴ የቀጠነውን አንዱን ብቻ አስቀሪ። ገና በትንሽነቱ ሰፊ ቅጠል የሚያወጣው ያምራል እንጂ ደካማ ነው። ያኔ ዩሪያ ስጪ። የምድጃ አመድም ለሙዝ ጥሩ ነው፣ ግን ሁለቱን በአንድ ቀን አታገናኚ፤ የዩሪያው ጉልበት በጋዝ ይሄዳል።

ስትቆርጪ ግን አንድ ነገር ተመልከቺ። ከተቆረጠው ቦታ ቢጫ መግል የመሰለ ፈሳሽ ከወጣ ብርድ አይደለም፣ የአጠውልግ በሽታ ነው። እንሰትንም ሙዝንም ይጨርሳል። ያን ተክል ከነሥሩ አውጥተሽ ቅበሪ፣ ቢላዋውን በእሳት ለብልቢ፣ የሙዙን ልጅም ለጎረቤት አትስጪ።

ፍሬ መቼ ትበያለሽ? ድሬ በዓመት የሚደርሰው ሐረር ላይ ዓመት ተኩልም ሊፈጅ ይችላል። ዘለላው በብርድ ከመጣ ደግሞ ከግንዱ ጫፍ መውጣት አቅቶት ጉሮሮው ላይ ታንቆ ይቀራል፣ አጭሩ ካቨንዲሽ የሚባለው የሙዝ ዝርያ ላይ በተለይ ይብሳል። ሌላ ችግኝ ስትፈልጊ ዱካሴ የሚባለውን ዝርያ ካገኘሽ እሱን ውሰጂ፣ ብርድ ይችላል። ስትተክዪም ከረባዳው አውጪና ከድንጋይ ግንብሽ በስተደቡብ አድርጊው። በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይዋ በዚያ በኩል ነው የምትዞረው፤ ድንጋዩ ቀን ይሞቃል፣ ማታ ለሙዙ ያካፍለዋል።